አግዳሚዋ ወንበር የት ደረሰች?

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የዕድር አዳራሽ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ሥራው በፍላጎቴ የመጣ አይደለም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የተገኘ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ስብሰባውን የጠራው መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆየን። አጀንዳው ግን ጥሩ ነበር፤ «የመሐል ከተማችንን ገጽታ ለማሻሻል የነዋሪው ሐሳብ ምንድን ነው?» የሚል።

ሁለት ባለሥልጣናት ተራ በተራ አንድ ሰዓት ያህል ንግግር አደረጉ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ካርታ ላይም በዱላ እየጠቆሙ አስረዱን። ከዚያ «እስቲ አሁን ሐሳብ ስጡ» ተባለ። እንደ ወጉ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባባልን። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አዛውንት ነበሩ።

«ልጆቼ፣ እኔ ትልቅ ነገር አልጠይቃችሁም» አሉ። «ከታች ከፖስታ ቤት ተነስቼ ያንን ዳገት ወጥቼ ጊዮርጊስ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ይከዳኛል። ዙሪያዬን ባይ ባይ ማረፊያ የለም። መሐሉ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብታስቀምጡልን ትጸድቃላችሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ከመድረኩ አንዱ ወጣት በትሕትና «እማማ፣ እዚህ የምናወራው ስለ ማስተር ፕላን ነው» አላቸው። እሳቸውም ቀበል አድርገው፣ «እሱስ መቀመጫ የለውም እንዴ?» አሉት።

ያን ቀን የያዝኩት ማስታወሻ አሁንም አለኝ። አሥራ ሰባት ሐሳቦች ተመዝግበውበታል። አንደኛው የእማማ ወንበር ነው። የተቀሩትም ከዚያ ብዙ የራቁ አይደሉም፤ ታክሲ በሚጠበቅበት ቦታ ጥላ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ክፍት ለሆነ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ ለልጆች ኳስ መጫወቻ፣ ለመንገዶች የስም ሰሌዳ፣ በአሮጌዎቹ ቤቶች ላይ ማን እንደኖረባቸው የሚናገር ጽሑፍ። አሥራ አንደኛው፣ «ሰው ሲሞትብን የዕድራችንን ድንኳን የምንተክልበት ቦታ በፕላኑ ላይ ይታሰብልን» ይላል። አንድም ሰው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ወይም የውሃ ፏፏቴ አልጠየቀም።

ያ ስብሰባ በአእምሮዬ ውስጥ የጫረው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ይህቺን ከተማ እስከ ዛሬ ያቀዳት ማን ነው? ነዋሪውስ መቼ ተጠይቆ ያውቃል?

ከቃሉ እንጀምር። «አደባባይ» በጥንቱ አነጋገር መናፈሻ ማለት አልነበረም። ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ያለው፣ ችሎት የሚዘረጋበት፣ አዋጅ የሚሰማበት ሜዳ ነበር። እዚያ የሚቀመጡት ገዢና ዳኛ ናቸው፤ ሌላው ሰው ይቆማል፣ ይማልዳል፣ ይሟገታል፣ እጅ ይነሳል። እንግዲህ እማማ «አደባባይ ላይ መቀመጫ ይሰጠን» ሲሉ፣ ሳያስቡት የቆየ ሥርዓት እየነቀነቁ ነበር ማለት ነው። ተራው ሰው ሳይቆም አረፍ የሚልበት የጋራ ቦታ ደጀ ሰላሙ፣ የዛፉ ጥላና የገበያው ዳር ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ በኅዳር 1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ካርታ አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍል ውሃው ወረዱ፤ ስሙንም አወጡላት። ግቢው ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ ተሠራ። መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ኮረብታ ላይ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃላችን ራሱ ከዘመቻ የመጣ ነው፤ ጦር ሲሰፍር ማለት ነው። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ጌቶች ስም ያልሰጡትን ሕዝቡ ራሱ ሰየመው፤ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰባራ ባቡር። ይህ የመጨረሻው፣ እንደሚነገረው ከሆነ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለመንገድ ሥራ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ተሰብሮ ከቀረበት ቦታ የተወረሰ ስም ነው። የመንገድ ስም ሰሌዳ ባይኖርም ሰው አልጠፋም። ነዋሪው ለከተማው የሰጠው የመጀመሪያ ሐሳብ ስም ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። እንደ ቀድሞው ወግ ቢሆን ኖሮ ድንኳን ነቅሎ መሄድ ነውር አልነበረም። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣው ይኸው ፈጥኖ አደግ ዛፍ ነው። ችግኝ በርካሽ ታደለ፣ ለተከለም የግብር ማቅለያ ተደረገለት። ያመጣው ፈረንጅ፣ ያዘዘው ንጉሥ ቢሆንም፣ የተከለው ግን እያንዳንዱ አባወራ በየጓሮው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አዲስ አበባ በቦታዋ የጸናችው በዚህ ዓይነት ነው።

መሐል ከተማው ደግሞ አራዳ ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው ገበያ ጨው፣ ማር፣ ቡና፣ ጨርቅና ከብት የሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን አዋጅ የሚነገርበት፣ ወንጀለኛ የሚቀጣበት፣ ወሬ የሚለቀምበት ስፍራ ነበር። የአረብ፣ የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ሱቆች በዙሪያው በቀሉ፤ የጣይቱ ሆቴልም በዚያው አካባቢ ተከፈተ። እዚያ የዋለ ሰው ዓይኑ ይገለጣል፣ ምላሱ ይሰላል። ለዚህ ነው ዛሬ እንኳ ብልጥና ተጫዋች ሰው ስናይ «አራዳ ነው» የምንለው። አንድ የገበያ ስፍራ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የጠባይ ስም ሆኖ ሲቀር ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በተያዘች በጥቂት ወራት ውስጥ ዝነኛው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ ከተማዋን በእግሩ ሳይረግጣት እንደ አዲስ የምትሠራበትን ንድፍ በወረቀት ላይ ጫረ። ወንዙንም ኮረብታውንም፣ እዚያ ላይ የሚኖረውንም ሰው ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስልም። ሥራው የተሰጠው ግን ለሱ ሳይሆን ጉዊዲና ቫሌ ለተባሉ ጣሊያናውያን ነው። የእነሱም ፕላን ዋና ሐሳቡ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ነበር። አራዳ የነጮች መሐል ከተማ ይሆናል፤ «የአገሬው ተወላጅ» ወደ ምዕራብ ይገፋል፤ ገበያውም ከነሻጩ ይነሳል። መርካቶ በዚህ ዓይነት ተወለደ። ከአድዋው ድል ጋር ስሙ የተሳሰረው የምኒልክ ሐውልትም፣ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው፣ ከመቆሚያው ወርዶ ተሰወረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ምን ቀረ? ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ። ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ። «ፒያሳ» የሚለውን ቃል ሕዝቡ አስቀረው፤ ግን የጣሊያን ሆኖ አይደለም፤ የኛው ሆኖ ነው። ማኪያቶውንም እንደዚያው። ሐበሻን ለማራቅ የተሠራው መርካቶ ደግሞ ከጉራጌው፣ ከዶርዜው፣ ከሐረሬውና ከሌላውም ነጋዴ ጉልበት የተነሳ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። ፕላን አውጪው ያሰበውና ነዋሪው ያደረገው ለየቅል ነበር።

ከነፃነት በኋላም የፕላን አውጪ እጥረት አልገጠመንም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የለንደንን ፕላን ያወጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው ደ ማርየን ተከተሉ፤ ከአዲሱ ማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የከተማዋ የጀርባ አጥንት እንዲሆን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱንም የአፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። በደርግ ዘመን ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ፣ ቀጥሎም ጣሊያናውያንና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አብረው ሠሩ። ሁሉም የተማሩ፣ አንዳንዶቹም እጅግ የተዋጣላቸው ሰዎች ነበሩ። ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ውበቱን አይክድም። ችግሩ ግን ቁልቁል ማየትና ሽቅብ መውጣት አንድ አለመሆናቸው ነው። እማማ ጉልበታቸው የሚከዳቸው ይኸው በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ያማረ መስመር ላይ ነው።

ከሁሉም ፕላኖች ይልቅ መሐል ከተማውን የለወጠው ግን ፕላን ሳይሆን አዋጅ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ይህ አዋጅ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱንም መናገር ይገባል። በአንድ በኩል ድሀው በጥቂት ብር ኪራይ በከተማው እምብርት እንዲኖር አስቻለው፤ ዘበኛውና ዶክተሩ፣ ጠጅ ጣይዋና ጸሐፊው በአንድ ግቢ ውስጥ ቡና እንዲጠራሩ አደረገ። በሌላ በኩል ቤቶቹ ባለቤት አጡ። ተከራዩ የሰው ቤት ነው ብሎ አላደሰም፤ ቀበሌው በሚሰበስበው ኪራይ ሚስማር እንኳ መግዛት አልቻለም። ጣሪያው ዛገ፣ ጭቃው ረገፈ፣ አንዱን መጸዳጃ ቤት አሥርና ከዚያ በላይ ቤተሰብ ተጋራው። ስለዚህ ፒያሳ ሲፈርስ «ታሪክ ፈረሰ» ብለን ስናለቅስ፣ እዚያ ውስጥ ዝናብ እየወረደበት ያደረ ሰው ቢታዘበን ልንቀየመው አይገባም። ትዝታ ያለው ጎብኚና ጣሪያው የሚያፈስበት ነዋሪ አንድ ዓይነት ዕንባ የላቸውም።

በነዚህ ሁሉ ዘመናት ነዋሪው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማንም ሳያቅድለት የራሱን አደባባይ ፈጠረ። መስቀል አደባባይን ተመልከቱ። ደርግ «አብዮት አደባባይ» ብሎ ለሰልፍ ነበር የሚፈልገው። ሕዝቡ ግን በግማሽ ክብ የተደረደሩትን ደረጃዎች ንጋት ላይ የሩጫና የስፖርት ሜዳ አደረጋቸው። ለመሪ እጅ መንሻ የታሰበው ቦታ የላብ ማውጫ ሆነ። አራት ኪሎስ? ጋዜጣ ገዝቶ ለማንበብ አቅም ያጠረው ሁሉ በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ሲያነብ የነበረበትን ዘመን የማያስታውስ የኔ ዕድሜ ሰው የለም። ጣሪያና ግድግዳ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ነበር። አሁን እኔ የምጽፈውን የመሰለ ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩት እዚያ፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ነው። የዕድር ድንኳንም እንዲሁ ነው፤ መንገድ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ሳሎን ይሆናል፣ ሹፌሩም ጡሩምባውን ሳያሰማ ዞሮ ይሄዳል።

ነዋሪው በራሱ መፍትሔ ያላገኘለት አንድ ነገር ቢኖር የመጸዳጃው ጉዳይ ነው። የከተማችን ግድግዳዎች ለዓመታት ስንት ጊዜ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብለው እንደነገሩን እናውቃለን። የት እንደሚፈቀድ የነገረን ግድግዳ ግን አልነበረም። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሊስትሮ ይህንኑ አንስቶ ነበር፤ «ቅጣቱን አውቀነዋል፤ ቦታውን ንገሩን» ብሎ። በማስታወሻዬ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውሃ ፈሰሰ። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ሲነሳ ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ሥራው አልቆ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ ደግሞ እልል አለ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ መኪና ሲከለከል፣ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ አየን። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ታደሰ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ወዲያውም የኮሪደር ልማቱ ተጀመረና እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ።

በቅርቡ ያንን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ጉድጓዱ ተከድኗል፣ መብራት አለ፣ ሕዝባዊ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። አግዳሚ ወንበርም አለ! ማስታወሻዬን ከኪሴ አውጥቼ እንደ ፈተና አራሚ እርማት ጀመርኩ። ከአሥራ ሰባቱ ሐሳቦች ዘጠኙ ላይ የ«ራይት» ምልክት አደረግሁ። ለአንድ የዕድር ስብሰባ መጥፎ ውጤት አይደለም።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ከዕድሩ አባላት ለቀረኝ አንድ ስልክ ደወልኩ። እማማ በሕይወት አሉ። አሁን የሚኖሩት ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም፣ ከልጃቸው ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ውሃ ሲመጣ ጥሩ ነው አሉኝ፤ የራሳቸው መጸዳጃ ቤት አላቸው፣ ጣሪያውም አያፈስም። «ጊዮርጊስ ግን ራቀኝ» አሉ። የዕድሩን ነገር ስጠይቃቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ገሚሱ አንድ አቅጣጫ፣ ገሚሱ ሌላ አቅጣጫ ደረሰው። ድንኳኑ ገንዘብ ያዡ ቤት ተጠቅልሎ አለ መሰለኝ። ለማን እንደሚተከል እንጃ» አሉኝ።

ወንበሩ መጣ፤ ወንበር የጠየቁት ሄዱ። ይህን ያልኩት ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከተማ ሳይፈርስ አይታደስም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤትም ቅርስ ነው ተብሎ ሰው እንዲታመምበት አይፈረድም። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ከዘለቀው የፕላን ታሪካችን አንድ ነገር የተማርን ይመስለኝ ነበር። ጉዊዲና ቫሌ ሕዝቡን ምንም አልጠየቁትም። በኋላ የመጡት ጠየቁት ከተባለም፣ «ምን ይሠራልህ?» ብለው ነው የጠየቁት። «ሲሠራ አንተ የት ትሆናለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን በአጀንዳው ላይ አልነበረም። እኔም ቃለ ጉባኤ ያዡ አልጻፍኩትም፤ ከተሰብሳቢውም ያነሳው አልነበረም። ወንበሩ ሲመጣ እኛም እዚያው እንደምንሆን እርግጠኞች ስለነበርን።

ሕጉ ራሱ ይህን ነገር ጨርሶ አልዘነጋውም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከይዞታ ስለ ማንሳትና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ራሱን የቻለ ጉዳት መሆኑን ያውቃል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለይዞታ አይደለምና ለሱ ዋናው ነገር ምትክ ቤት ማግኘቱ ነው። ይሁን። ግን የዕድር ዋጋ በብር አይሰላም። መፍትሔው ከገንዘብ ይልቅ የአደላደል ጉዳይ ይመስለኛል። አንድ ሰፈር ሲነሳ ዕጣው በግለሰብ ሳይሆን በዕድር ቢወጣ፣ ሃምሳ አባወራ ከነድንኳኑ፣ ከነብረት ድስቱና ከነጡሩምባ ነፊው አንድ ብሎክ ውስጥ ቢገባ ምን ይጎዳል? በየአዲሱ ሰፈር አንድ ክፍት ቦታ ለሐዘንም ለሠርግም ቢተውስ? በፈረሰው ቦታ ከሚሠራው ቤት ጥቂቱ ለቀድሞ ነዋሪዎች ቢያዝስ? የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው። እነዚህ ከውጭ አገር ባለሙያ የሚጠበቁ አይደሉም፤ በዕድር አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት የሚገኙ ሐሳቦች ናቸው።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ለእማማ ወንበሯ መሠራቷን ነገርኳቸው። በጣም ሳቁ። «አየህ፣ ማስተር ፕላኑም መቀመጫ አለው ማለት ነው!» አሉ። ቀጥለውም «ለሚያዝያ ጊዮርጊስ እመጣለሁ፤ አንተም ና፤ አብረን እንቀመጣለን» አሉኝ።

እሄዳለሁ። ማስታወሻዬንም ይዤ እሄዳለሁ። ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ የድንኳኑ ነገር፣ ገና ምልክት አልተደረገበትም።